አገልጋይ የማትፈልግ ቬፕ

ሰፈርተኛው ፓክ ቱኪጃን ይለዋል፤ ፓክ ጋሼ እንደማለት ነው። እኔ ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ጣቢያ ውስጥ አብሬው ፓምፕ ስለጠበቅሁ ቱኪጃን ብቻ እለዋለሁ። ጣቢያችን ሰማራንግ ከተማ፣ ወደቡ አጠገብ ነው። ሰፈሩ ከባሕሩ ዝቅ ያለ በመሆኑ ባሕሩ ሲሞላ ውሃው በቦዩ ተመልሶ ይመጣል፤ ሦስቱ ፓምፖች በሰዓቱ ካልተነሱ የሰው አልጋ ይንሳፈፋል። የእኛ ሥራ ፓምፖቹን ማስነሳት፣ ቅባት መቀባት፣ ወንፊቱ ላይ የተሰገሰገውን ፕላስቲክ መልቀም ነበር።

ቱኪጃን ቀኑን ሙሉ ማሽን ሲያስታምም ይውል ስለነበር ቤቱ ውስጥ ጥገና የሚጠይቅ ዕቃ አይወድም ነበር። ሚስቱ ወፍ ላሳድግ ብትለው፣ «ሦስቱ ወፎቼ እዚያ ጣቢያ ናቸው፣ ይበቁኛል» ያለ ሰው ነው።

አንድ የሚያስታምመው ነገር ቢኖር ሲጋራው ነበር፤ ቅርንፉድ የገባበት፣ በቀን ሁለት ፓኬት። በሃምሳ አራት ዓመቱ ደረቱ እንደ አሮጌ ሞተር መንኳኳት ሲጀምር የክሊኒኳ ሐኪም «ወይ ሲጋራውን ወይ ደረትህን ምረጥ» አለችው። ዘጠኝ ቀን ተወው። በዘጠኝ ቀን ውስጥ ከሚስቱ፣ ከእኔና ከመስጊዱ የጽዳት ሠራተኛ ጋር ተጣላ። ይሄን ጊዜ ነው የልጁ ባል ያኑዋር የገባበት።

ያኑዋር ሞተር ብስክሌት ሻጭ ነው ይባላል እንጂ ዋና ሥራው ጢስ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከመሰሎቹ ጋር፣ ማስ ጊላንግ የሚባል ባለ ኮፍያ ነጋዴ ቬፕ፣ ማለትም በባትሪ የሚጨስ ሲጋራ፣ መሸጫ ውስጥ ማኅበር አላቸው። አንድ ቀን ገብቼ አይቻለሁ። ሚስት ያላቸው፣ ልጅ ያላቸው፣ ጢም ያላቸው ወንዶች አፋቸውን እንደ ዓሣ ከፍተው የጢስ ቀለበት ይተፋሉ፤ የተቀሩት ያጨበጭባሉ። ቬፑ ውስጥ ስለሚገባው ጥጥ አንድ ሰዓት ሙሉ ያወራሉ። የጃፓን ጥጥ ይሻላል የሚልና አይሻልም የሚል ተኮራርፈው ሲለያዩ በዓይኔ አየሁ።

ያኑዋር አማቱን እዚያ ወስዶ ጡብ የሚያክል፣ ሁለት ባትሪ የሚውጥ፣ በመስኮቱ ቁጥር የሚያበራ ነገር አስገዛው።

«ፓክ፣ ይሄ እኮ ዕቃ አይደለም፣ ጥበብ ነው» አለው።

«ጥበብ ካማረኝ የዋያንግ አሻንጉሊት ጨዋታ አያለሁ። ይሄ ያጨሳል ወይ?»

«ያጨሳል! ግን መንከባከብ ያስፈልጋል።»

መንከባከብ ሲል በየሦስት ቀኑ ሽቦ መጠምጠም፣ ጥጥ ማሾለክ፣ ትርፉን በመቀስ መከርከም፣ ፈሳሽ ማጠጣት ማለቱ ነው። ጥጡ ትንሽ ከበዛ ይታፈናል፤ ካነሰ ጉሮሮ ያቃጥላል። ኪስ ውስጥ ከተጋደመ ፈሳሽ ያለቅሳል። የቱኪጃን ሸሚዝ ሁሉ የማንጎ ማርማላታ ሸተተ። ፓምፕ የሚፈታ እጅ በወረንጦ ጥጥ ሲያበጥር ማየት ያሳፍረኝ ነበር፤ ነግሬዋለሁም። «አራተኛ ፓምፕ ገዛህ» አልኩት። 

በግንቦት ወር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ባሕሩ ሞላ። እኔ ወንፊቱን ልለቅም ወደ ቦዩ አፍ ሄድኩ። የማስጠንቀቂያው ደወል ከተበላሸ ሳምንት ስላለፈው ቱኪጃን የውሃውን መለኪያ በዓይኑ መጠበቅ ነበረበት። ስመለስ ውሃው ቀዩን መስመር ካለፈ ቆይቷል፤ እሱ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ወረንጦ ይዟል። ጮህኩ። ዘሎ ተነሳ። አንደኛው ፓምፕ ተነሳ፣ ሁለተኛው አንቆት ቀረ፣ ሦስተኛው ሲነሳ ውሃው አርባ ቤት ገብቶ ነበር፤ እስከ ጉልበት።

ሰው አልተጎዳም። የቡ ካሲናህ ምድጃዎች እሳት ግን ሁሉም ጠፋ። ቡ (እትዬ እንደማለት ነው) ካሲናህ በኮኮናት ልጣጭ ጢስ ዓሣ አድርቃ የምትሸጥ፣ አራት ልጅ ብቻዋን ያሳደገች ሴት ናት። እስከ ጭኗ ረጥባ ጣቢያው ድረስ መጣች። ልትሰድበን ተዘጋጅታ ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጥጥና መቀስ ስታይ ግን ድምፅዋ ቀነሰ። ያ ከስድብ ባሰ።

«ይሄ ነው?» አለች። «የኔን እሳት ያጠፋው ይሄ ነው?»

ቱኪጃን ጥጡንና መቀሱን ከጠረጴዛው ላይ አነሳ።

«እኔም ጢስ አወጣለሁ፣ ፓክ። ከኔ ጢስ አራት ልጅ በልቷል። ካንተ ጢስ ማን ይበላል?»

ወጥታ ሄደች። በማግስቱ ቱኪጃን ራሱ ለአለቃችን ሄዶ ተናገረ፤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተሰጠው፣ ተቀበለ። ጡቡን ቦዩ ውስጥ ይወረውረዋል ብዬ ስጠብቅ፣ «ከዚያ ወንፊቱን ማን ይለቅማል?» ብሎ ለያኑዋር መለሰለት። ከዚያም ወደ ቡ ካሲናህ ሄዶ ሁለት ቀን ሙሉ የምድጃዎቿን ጭቃ ሲጠርግ ዋለ። እሷ ውሃ እንኳ ጠጣ አላለችውም።

ወደ ሲጋራው ግን አልተመለሰም። በሳምንቱ «ና አብረን እንሂድ» አለኝና ማስ ጊላንግ ዘንድ ሄድን።

«ከቬፖችህ ሁሉ ሥራ የማትጠይቀውን ስጠኝ።»

ማስ ጊላንግ ከመደርደሪያው ጥግ አቧራ የለበሱ ሁለት ትንንሽ ነገሮች አወጣ፤ ጣት የሚያክሉ። «እነዚህ ለጀማሪ ነው የምንሸጣቸው፣ ፓክ። እርስዎ ከዚህ አልፈዋል።»

«ስንት ቁልፍ አላቸው?»

«ምንም። ሲስቧቸው ይሠራሉ።»

«ጥጣቸውንስ ማን ይለውጣል?»

«ማንም። ፈሳሹ የሚሞላባት ይቺ ብልቃጥ ጣዕሟ ሲበላሽ ትጣላለች፣ ሌላ ይሰካል።»

«ብልቃጧ ካንተ ሌላ የት ትገኛለች?»

ማስ ጊላንግ ቅር አለው። «የትም ኪዮስክ አለች።»

«ቻርጀሩስ?»

«የስልክዎ ገመድ ይሆናል። ግን ፓክ፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ በነዚህ ደመና አይወጣም።»

«ደመናው ሞልቶናል» አለ ቱኪጃን። «ከደመናው የወረደውን ውሃ የማወጣው ደግሞ እኔ ነኝ።»

ጥግ የተቀመጡት ጢማሞች ሳቁ። ሁለቱንም ገዛ። ፓምፕ እንደሚፈትን ሰው ሳምንት ሙሉ ፈተናቸው፤ በሶፍት ጠቅልሎ ዘቅዝቆ ኪሱ ውስጥ ከተታቸው፣ ማሽኑ ክፍል ሙቀት ላይ አኖራቸው። የአንዷ ሶፍት ረጠበ። የሌላዋ ደረቅ ነበር። የረጠበችውን መለሰ፣ ደረቋን ያዘ፤ ከፈሳሽና ከትርፍ ብልቃጦች በስተቀር ሌላ ነገር አልገዛላትም።

ይሄ ከሆነ አምስት ዓመት አለፈው። ቀለሟ ተልጧል፣ አንዱ ጎኗ ተጨምድዷል። ፈሳሽ ይሞላል፣ በየሁለት ሳምንቱ ገደማ ብልቃጥ ይቀይራል፤ ከዚያ ወዲያ ምንም አታስቸግረውም። አይወዳትም፣ ለማንም አያሳያትም። ያኑዋር በነዚህ ዓመታት አሥራ አንድ ቀያየረ፤ እያንዳንዷን የመጨረሻዬ ናት ይላል። የማስ ጊላንግ መሸጫ ተዘግቶ ዛሬ የዶሮ ኑድል ይሸጥበታል፤ ማኅበርተኞቹ ጥጣቸውን ይዘው የት እንደተበተኑ አላውቅም፣ አልጠየቅሁም።

ቱኪጃን አምና ጡረታ ወጣ። ሐኪሟ ይቺንም ተዋት ትለዋለች፤ እሱም እውነቷን መሆኑን ያውቃልና የፈሳሹን ኒኮቲን እየቀነሰ ነው። ባለፈው ሳምንት ሌሊት የወጡት ጀልባዎች ሲመለሱ ዓሣ ልንገዛ ማልደን ስንሄድ መንገድ ላይ ኪሱን ዳበሰ። ቤት ረስቷታል።

«እንመለስ?» አልኩት።

 «ተዋት፣ ዓሣው ያልቅብናል» አለና መንገዱን ቀጠለ።