አያንቱ ፈየራና የመሬት ቀያሹ ላንድሮቨር

ላፍቶ ውስጥ አያንቱ ፈየራን የማያውቅ ሰው ቢኖር መጋረጃ ያልሰቀለ ሰው ነው። ኮንዶሚኒየሞቹ አንድ በአንድ ሲሞሉ፣ ቁልፍ የተረከበ ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው መስኮቱን መሸፈን ስለነበር፣ በአባቷ ግቢ በር ላይ የከፈተቻት ስፌት ቤት ሥራ አጥታ አታውቅም። አባቷ አቶ ፈየራ ሰፈሩ እርሻ በነበረበት ዘመን ስንዴና ጤፍ ያመርቱ ነበር። ዛሬ የቀሯቸው ጥቂት ላሞችና ፉሪ ተራራ ሥር ያለች አንዲት የሣር መሬት ናቸው። አያንቱ ወደ አርባ የተጠጋች፣ ንግግር የማታበዛ ሴት ናት። ስለ መኪና የምታውቀው ነገር ቢኖር ታክሲ ውስጥ የቱ ወንበር እንደሚያንገጫግጭ ብቻ ነበር። መንጃ ፈቃድ ጓደኞቿ ሲያወጡ አብራ አውጥታ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን መሪ ጨብጣ አታውቅም።

አንድ ቀን መካኒሳ አቦ አካባቢ እትዬ ሣራ ቤት መስኮት ልትለካ ሄደች። እትዬ ሣራ ባለቤታቸው አቶ መኩሪያ ካረፉ በኋላ ቤቱን እያሳደሱ ነበር። አያንቱ የጓሮውን መስኮት ለመለካት ስትዞር ቆርቆሮ ጣራ ሥር የቆመች አንዲት አሮጌ ላንድሮቨር አየች። ጎማዎቿ ከመሬት ተጣብቀዋል፤ ጣራዋ ላይ የነበረው ሸራ ተበጣጥሶ ብረቱ ብቻ ቀርቷል፤ ከኋላ ወንበሯ ላይ ዶሮ ተኝታለች።

«የማን ናት?» አለች አያንቱ።

«የመኩሪያ ናታ። መሬት ቀያሽ አልነበር፤ ያልረገጠችው አገር የለም። አሁን ቆራሌው እየመጣ ያያታል። በሚቀጥለው ይዟት ይሂድ ብያለሁ» አሉ እትዬ ሣራ።

አያንቱ መለኪያዋን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች መኪናዋን ዞረቻት። ብሎኖቹ ሁሉ ከውጭ ይታያሉ። በሩ በምን እንደተያዘ፣ ወንበሩ በምን እንደታሰረ ጎንበስ ብሎ ላየ ሰው የተደበቀ ነገር የለም። እንዴት እንደተገጣጠመ የሚታይ ልብስ ፈትቶ መልሶ መስፋት ለእሷ አዲስ አይደለም። ይኼስ ከዚያ በምን ይለያል አለች በልቧ።

«ለቆራሌው አይስጡብኝ፤ እኔ ልውሰዳት» አለች።

«ምን ልታደርጊያት?»

«ልነዳት።»

እትዬ ሣራ ሳቁ። የአያንቱ ፊት አብሮ እንዳልሳቀ ሲያዩ ግን ጥቂት አሰቡ። በመጨረሻ የቤቱን መጋረጃ ሁሉና የቤተ ክርስቲያናቸውን መዘምራን ካባ ሰፍታ ልትሰጥ፣ እሳቸውም መኪናዋን በስሟ ሊያዞሩላት ተስማሙ።

ላንድሮቨሯ በጭነት መኪና ተጭና ላፍቶ ስትገባ ሰፈሩ ወጥቶ አየ። ታናሽ ወንድሟ ኦልጅራ ቤት የሚያሻሽጥ፣ ጫማው የማይቆሽሽ፣ ቀልድ የማያልቅበት ደላላ ነው። እጁን ኪሱ ከቶ መኪናዋን ከላይ እስከ ታች አያትና፣ «ለዶሮ ቤት ከሆነ እኮ ቆርቆሮ ይበቃሽ ነበር» አላት። ሰው ሁሉ ሳቀ። አባቷ ብቻ አልሳቁም፤ ተጠግተው የመኪናዋን ጎን እንደ በሬ ሻኛ መታ መታ አደረጉና ወደ ላሞቻቸው ሄዱ።

አያንቱ መካኒክ አጠያይቃ ጎፋ የሚኖሩ ጋሽ ሃምዛ የሚባሉ ሰው ተነገራት። ጋሽ ሃምዛ ዕድሜያቸውን በጋራዥ የጨረሱ፣ እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሥራውን የተዉ ናቸው። መጥተው ኮፈኑን ከፍተው አዩ፤ ሥሯ ገብተው በባትሪ መብራት አዩ፤ ከዚያ ወንበር አስመጥተው ተቀመጡ።

«ሞተሩ ደህና ነው። የሞተው ሌላው ሁሉ ነው» አሉ። «እኔ ብሎን መያዝ ትቻለሁ። አፌ ግን ደህና ነው። እጅ ካለሽ እነግርሻለሁ።»

«እጅስ አለኝ» አለች።

«እንግዲያው አንሶላ አምጪ። የፈታሽውን ሁሉ በፈታሽበት ተራ እዚያ ላይ ደርድሪ።»

ሥራው እንዲህ ተጀመረ። ጠዋት ጠዋት መጋረጃ ትሰፋለች፤ ከሰዓት ቱታ ትለብሳለች። መጀመሪያ የፈታችው ካርቡሬተሩን ነበር፤ ቤንዚኑ ውስጡ ደርቆ እንደ ማር ተጋግሯል። አጥባ ስትገጥመው አንዲት ትንሽ ቀለበት አንሶላው ላይ ቀረች። ትርፍ ናት ብላ ተወቻት። ቤንዚን ሲሞላበት ከሥሩ ፈሰሰ። ጋሽ ሃምዛ ቀለበቷን በጣታቸው አመለከቷት። እንደገና ፈታችው። አይጥ የበላውን ሽቦ ሁሉ ቀየረች። ዝገት የበላውን የሻንሲ ክፍል በያጅ ጠርታ በአዲስ ብረት አስበየደች፤ በያጁ ሲሠራ አጠገቡ ቆማ ጠየቀችው፣ አሰለቸችውም።

ዕቃ ፍለጋ መርካቶ ሶማሌ ተራ ስትወርድ አሮጌውን ዕቃ በጨርቅ ጠቅልላ ይዛ ነበር። ባለሱቆቹ «ባልሽ ነው የላከሽ?» ይሏታል። «መኪናዬ ናት የላከችኝ» ትላቸዋለች። ሲደጋገም ለመዷት፤ አንዱ እንዲያውም ከሩቅ ሲያያት «ባለላንድሮቨሯ መጣች» እያለ ወንበር ያቀርብላት ጀመር።

ሞተሩ የተነሳ ዕለት ግቢው በጥቁር ጭስ ተሞላ። ሞተሩ መጀመሪያ አሳለው፣ ከዚያ ተንተባተበ፣ ከዚያ ድምፁ ረጋ። አያንቱ ዓይኗ እንባ ሞላው፤ ጭሱ ነው አለች። ደስታው አላስቀምጥ ብሏት ጋሽ ሃምዛ «ቆዪ» ሳይሏት ማርሽ አስገብታ ፍሪሲዮኑን ለቀቀች። መኪናዋ ሄደች። ፍሬኑን ስትረግጥ ግን እግሯ እስከ ወለሉ ወረደ፤ ላንድሮቨሯ የአባቷ የሣር ክምር ውስጥ ገብታ ቆመች።

አቶ ፈየራ መንሻቸውን ይዘው ብቅ አሉ። ከክምሩ የወጣውን የመኪና ኋላ አይተው፣ «ቆመች?» ሲሉ ጠየቁ።

«ቆማለች፣ አባዬ» የሚል ድምፅ ከሣሩ ውስጥ መጣ።

ያን ሰሞን ፍሬን ብቻ ሠራች። በየጎማው ያለውን ፈታ፣ የነከሰውን አላቅቃ፣ የውስጡን የጎማ ቀለበት ቀይራ፣ ከፍሬን ዘይቱ አየሩን አወጣች፤ ጋሽ ሃምዛ ፔዳሉን እየረገጡላት፣ እሷ ከሥር እየከፈተችና እየዘጋች። ፔዳሉ ከላይ ጠንክሮ እስኪይዝ አንድም ቀን ሞተር አላስነሳችም። ከያዘ በኋላ ግን ጋሽ ሃምዛ አጠገቧ ተቀምጠው ባዶ ሜዳ ላይ መንዳት አለማመዷት።

ከዚያ ማሳመር አማራት፤ እዚህ ላይ ተሳሳተች። ስልኳ ላይ ያየቻቸው አሮጌ ላንድሮቨሮች ሁሉ ጎማቸው ትልልቅ ነው። ጋሽ ሃምዛ «ይቅርብሽ፣ መሪው ይከብድሻል» ቢሏትም ሰፋፊ ጎማ አስገጠመች። ስትቆም የምታምር መኪና ስትታጠፍ ግን ጎማዋ አካሏን እየፋቀ ታለቅሳለች፤ መሪውን ለማዞር ደግሞ አያንቱ ትከሻዋን መስጠት ነበረባት። የገዛችውን ጎማ ለባለሱቁ የመለሰች ቀን አፍራ ነበር። ጋሽ ሃምዛ ግን ስለ ጎማው አላነሱም፤ «አሁን ባሌስትራውን እንይ፣ እውነተኛው ከፍታ ያለው እሱ ላይ ነው» ብለው ከመኪናዋ ሥር ያሉትን የላሉ የብረት ድርብርቦች አሳዩዋት። የተሰበረውን ቀይረው አንድ ሲጨምሩበት መኪናዋ ወገቧን ቀና አደረገች።

ጣራው ብቻ ሲቀር መምህሩ ተማሪ ሆኑ። አያንቱ የከባድ መኪና ሸራ ገዝታ፣ በጋዜጣ ልኩን ወስዳ፣ በወፍራም መርፌ ሰፋችው። መስኮቱን በዚፕ የሚከፈት አደረገችው። ውኃ በስፌቱ እንዳይገባ ስፌቱን አጥፋ ደገመችው። ከኋላ ሁለት ረጃጅም ወንበሮች ፊት ለፊት አስገጥማ በጥቁር አረንጓዴ አለበሰቻቸው። ጋሽ ሃምዛ ሸራውን በእጃቸው እየዳሰሱ ብዙ ቆዩ። ዓመታዊ ምርመራ የገባች ቀንም፣ ፍሬኑን ፈትነው መብራቱን አይተው የጨረሱት ሰዎች አላሰናበቷትም፤ ሸራውን የት እንዳሠራች ጠየቋት። «እኔ ነኝ» ስትል ሁለቱ ተያዩ። ቦሎዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ከበሩ ስትወጣ ብቻዋን ጮክ ብላ ሳቀች።

ኦልጅራ ግን ቀልዱን አልተወም። ከፋሲካ በኋላ ሠርጉ ሲደርስ ነጭ፣ ረዥም፣ በአበባ የተሸፈነ መኪና ተከራየ። ሙሽራዋ ያኤል ትባላለች፤ ወላጆቿ ከደቡብ መጥተው ፉሪ ሥር ቤት የሠሩ ናቸው።

«አያንቱ» አላት በዋዜማው፣ ትንሽ አንገቱን እያከከ፣ «አባባን አንቺ ይዘሻቸው ነይ። ግን ከኋላ ሁኚ፣ እሺ? መኪናሽ ቪዲዮው ውስጥ እንዳትገባ።»

«እሺ» አለች። ከፋት፤ ግን ሠርጉ ነው ብላ ዋጠችው።

ሌሊቱን ዝናብ ሲደበድብ አደረ። ጠዋት ሰልፉ ከላፍቶ ሲነሳ ነጩ መኪና ከፊት፣ ሁለት ሚኒባሶች መሐል፣ ላንድሮቨሯ ከሁሉ ኋላ ነበረች። ከኋላ ወንበሮቿ ላይ አቶ ፈየራና ጋሽ ሃምዛ ነጭ ልብስ ለብሰው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። አስፋልቱ አልቆ ወደ ሙሽራዋ ቤት የሚወስደው አቀበት ሲጀምር መንገዱ ጥቁር ጭቃ ሆኖ ጠበቃቸው። ነጩ መኪና ጥቂት ተንፏቀቀ፣ ጎማው ባዶውን ዞረ፣ ከዚያ ሆዱ ድረስ ሰመጠ። ሊያልፈው የሞከረው ሚኒባስ ወደ ቦዩ ተንሸራተተ። ሚዜዎች ሱሪያቸውን ሰብስበው ገፉ፤ አበባው ጭቃ ለበሰ እንጂ መኪናው አልተነቃነቀም። የሙሽራዋ ዘመዶች ከላይ ከግቢያቸው በር ላይ ቆመው ያያሉ።

ኦልጅራ ጭቃውን እየረገጠ ወደ ኋላ መጣ። ጫማው አይታይም። ላንድሮቨሯ መስኮት ጋ ሲደርስ ቀልድ አልነበረውም።

«እህቴ» አለ። «እባክሽ።»

«ግባ» አለችው።

አቶ ፈየራ ወደ ጋሽ ሃምዛ ዘንበል ብለው፣ «ትወጣለች?» ሲሉ ጠየቁ።

«እሷን ይጠይቋት፤ የሠራችው እሷ ናት» አሉ ጋሽ ሃምዛ።

አያንቱ ከማርሹ ጎን ያለውን ቀዩን እጀታ ሳበች፤ አራቱም ጎማ አንድ ላይ እንዲይዝ፣ ጉልበት እንዲያገኝም። እግሯን ከፍሪሲዮኑ ቀስ አድርጋ አነሳች። ነዳጅ አላበዛችም። ላንድሮቨሯ ነጩን መኪና በጎን አለፈችው፤ ጭቃው ውስጥ ገባች፤ ወደ ቀኝ ተንሸራተተች። ኦልጅራ የጣራውን ብረት ጨበጠ። አያንቱ መሪውን ሳትታገለው ትንሽ ለቀቀችው፤ ጎማዎቹ ሥር ያለውን ጠጣር መሬት አገኙና ነከሱት። ከዚያ በኋላ መኪናዋ ሳትቸኩል፣ ሳትቆም፣ እየተንገዳገደችም ቢሆን አቀበቱን ወጣችው።

የሙሽራዋ ግቢ በእልልታ ተናጋ። ሴቶቹ መጀመሪያ ለሙሽራው ነበር እልል ያሉት፤ ሹፌሯ በሩን ከፍታ የክት ቀሚሷን ሰብስባ ስትወርድ ሲያዩ ግን እልልታው እንደገና ከፍ ብሎ ተነሳ፣ አልቆምም አለ። የሙሽራዋ እናት መጥተው ሁለቱንም ጉንጯን ሳሟት።

መሸኛው ሲደርስ ያኤል ቬሏን ጠቅልላ ይዛ ከፊት ወንበር ተቀመጠች። ቁልቁለቱን ወርደው ነጩ መኪና ጋ ሲደርሱ አያንቱ ሰንሰለት አውጥታ ራሷ አሠረች፤ ሚዜዎች ሊረዱ ሲጠጉ የሚቆሙበትን አሳየቻቸው። አንዴ ሳበችው፣ መለስ አለች፣ ደግማ ሳበችው። ጭቃው እየጮኸ ለቀቀው። ሚኒባሱንም እንዲሁ አወጣችው።

የነጩ መኪና ሹፌር መቀመጫውን በፎጣ እየጠራረገ በሩን ለሙሽሮቹ ከፈተ። ያኤል አልተነሳችም።

«እኔ እዚሁ ነኝ» አለች።

ኦልጅራ ሙሽራዋን አየ፣ እህቱን አየ፣ ከዚያ ወደ ቪዲዮ አንሺው ዞረ። «ይቺን መኪና ከፊት አንሳት» አለው። «ከየአቅጣጫው አንሳት።» ራሱ ከኋላ በሩ ተመልሶ ገብቶ ከአባቱ ጎን፣ ከጋሽ ሃምዛ ፊት ለፊት ተቀመጠ።

ወደ ላፍቶ ሲመለሱ ላንድሮቨሯ ከሰልፉ ፊት ነበረች፤ እስከ መስኮቷ በጭቃ የተለሰነች፣ ከነጩ መኪና የተረፈው አበባ አፍንጫዋ ላይ የታሰረላት። ሰፈር ውስጥ የሚያውቋት ደንበኞቿ ከየሱቁ ወጥተው አጨበጨቡላት፤ ታክሲዎች መንገድ ለቀው ጥሩምባ ነፉላት። ያኤል ዚፑን ከፍታ እጇን በመስኮቱ አውጥታለች።

«ይኼን ቀዩን ነገር ስትስቢ ነው አይደል ጉልበት ያገኘችው?» አለች ሙሽራዋ፣ አንገቷን አዘንብላ እጀታውን እያየች። «ታስተምሪኛለሽ?»

«ጫጉላሽን ጨርሺና ቱታ ይዘሽ ነይ» አለቻት አያንቱ።

ከኋላ ጋሽ ሃምዛ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። የሠርጉ አዳራሽ በር ላይ ሕዝቡ መንገድ ሲከፍትላት አያንቱ ማርሽ ቀነሰች፣ ፍሬኑን ቀስ ብላ ረገጠች፤ መኪናዋም ለሙሽሮቹ ከተነጠፈው ምንጣፍ ጫፍ ላይ ልክ እንደታሰበላት ቆመች።