ጉምባ ላይ ጭስ አልነበረም

ይህን ለማንም አልነገርሁም። ለባለቤቴ አልነገርሁም፤ ለንስሐ አባቴ አልነገርሁም፤ ዕድሜዬን ሙሉ አብረውኝ ለሠሩ ባልደረቦቼም አልነገርሁም። ሥራዬ መናገር ነው። በጣና ዙሪያ ሬዲዮ የሚከፍት ሰው ድምፄን ያውቀዋል። በዚያ ድምፅ የሌሎችን ስሕተት ብዙ ጊዜ ተናግሬያለሁ፤ የራሴን ግን አንድም ቀን አልተናገርሁም። አንባቢዬ፣ እርስዎን የመረጥሁት ፊትዎን ስለማላይ ነው። ይህንንም ከድፍረት አይቁጠሩልኝ።

እንደ ልማዴ ከዋናው ነገር ልጀምር። ሰው ያለበትን መንደር ሰው የለበትም ብዬ ዘገብሁ። ጥፋቱ ሲታወቅ ደግሞ በሌላ ሰው ላይ አላከክሁት። ሁለቱንም ያደረግሁት እኔ ነኝ። አንዱን በችኮላ፣ ሌላውን በደንብ አስቤ።

ወጀቡ የመጣው በፍልሰታ ጾም የመጀመሪያው ሳምንት፣ ከቀትር በኋላ ነው። ጣና በክረምት መቆጣቱ አዲስ ነገር አይደለም። ያን ቀን ግን ነፋሱ ከጎርጎራ በኩል ተነሥቶ ሐይቁን ወደ ዳርቻው ገፋው። ቆርቆሮ ከጣራ እየተነቀለ ማሳ ላይ ወደቀ። ታሥረው የነበሩ ታንኳዎች ተበጣጠሱ። በዳርቻው ባሉት ቀበሌዎች ውኃ ቤት ውስጥ ገብቶ አደረ፤ በማግስቱም አልወጣም።

የተረፉት ሰዎች በመኪናም በእግርም ባሕር ዳር ገብተው አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ተጠለሉ። የከተማው ሰው ብርድ ልብስ፣ ዱቄትና የልጆቹን ሹራብ ተሸክሞ መጣ። እርዳታውን የሚያስተባብር ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሰብሳቢዋ እዚያው የሚያስተምሩ ወይዘሮ እናትነሽ የሚባሉ መምህርት ነበሩ። ከወጀቡ የተረፉት የሞተር ጀልባዎች ጥቂት ናቸው። ውኃ የከበባቸውን ሰዎች ለማውጣት ጀልባው ዛሬ ወዴት ይሂድ የሚለውን የሚወስኑት ወይዘሮ እናትነሽ ናቸው። የሚወስኑትም ከሚደርሳቸው ወሬ ተነሥተው ነው። ወሬ አምጪው ደግሞ እኔ ነበርሁ።

በሦስተኛው ቀን አያ ደምሌ በሚባል ሰው ጀልባ ወጣሁ። አያ ደምሌ በዕድሜ ዐሥር ዓመት ያህል ይበልጠኛል። ሐይቁ ላይ ያደገ፣ ምእመናንን ወደ ገዳማቱ እያመላለሰ ልጆቹን ያሳደገ ሰው ነው። ስሜን እያወቀ «ጋዜጠኛው» ይለኝ ነበር። ሁለት መንደር ሰው አነጋግረን ስንመለስ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ጉምባ ፊት ለፊት ደረስን።

ጉምባ በበጋ ከየብስ ጋር የተያያዘች ትንሽ መሬት ናት፤ ሐይቁ ሲሞላ ደሴት ትሆናለች። ጉብታዋ ላይ የኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን አለች፤ ዙሪያዋ ጥቅጥቅ ያለ ደን ነው። ከደኑ በታች ያሉት ቤቶች እስከ መስኮታቸው ውኃ ውስጥ ነበሩ። በእኛና በጉብታው መካከል የተገነደሰ ዛፍና ከሥሩ የተነቀለ ደንገል ተንሳፍፏል።

አያ ደምሌ ሞተሩን ቀነሰ።

«እንጠጋ እንዴ? በኋላ በኩል ዞረን ብንገባ ይሻላል።»

«ምን ያህል ይፈጅብናል?»

«እንጨቱን እየገፋን ነው እንግዲህ። አንድ ሰዓት፤ ቢበዛ ከዚያ ትንሽ ዘለል ቢል ነው።»

ሰዓቴን አየሁ። የስድስት ሰዓቱ ዜና ይጠብቀኛል፤ ስልኩ ደግሞ ከወጀቡ ወዲህ እዚያ አካባቢ አይሠራም፤ ባሕር ዳር መድረስ ነበረብኝ።

«ጭስ አይታይም» አልሁት። «ሰው ያለበት መንደር እስካሁን ይጨስ ነበር። ወጥተዋል።»

«ደኑን ሳናይ?»

«ዜናው ያመልጠኛል አያ ደምሌ።»

ሳቀ። «ዜናው እኮ እዚያ ነው ያለው ጋዜጠኛው። አንተ ነህ ጥለኸው የምትሄድ።»

እኔም ሳቅሁ። ጀልባውን አዞረው። እንጠጋ ያለኝ አንድ ጊዜ ነው፤ እኔም እንቢ ያልሁት አንድ ጊዜ ነው።

በስድስት ሰዓት እንዲህ ብዬ አነበብሁ፦ «የጉምባ ነዋሪዎች አካባቢውን ለቀው መውጣታቸውን በስፍራው ተገኝተን አረጋግጠናል።» አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። በስፍራው አልተገኘሁም። አላረጋገጥሁም። ለቀው አልወጡም።

ስለ ጭሱ ልናገር። እኔ የመሪጌታ ልጅ ነኝ። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው ያደግሁት። በፍልሰታ ጠዋት ሰው እሳት እንደማያነድ፣ ምእመናን ውዳሴ ማርያም ሲተረጐም ሰምተው፣ ቅዳሴ አስቀድሰው፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እንደሚቀምሱ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? አባቴ በዚያ ሱባኤ ምድጃችን ውስጥ ፍም እንኳ እንዲቆይ አይወድም ነበር። ታቦት ያለ አገልጋይ ተትቶ እንደማይሄድስ አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር። እኔ ራሴ ያን ጠዋት ጾመኛ ነበርሁ። ባሕር ዳር ሹም አቦ ሰፈር ያለው ቤቴም ያን ጠዋት አልጨሰም። ሰው የለበትም ነበር?

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አንዱ ጀልባ ለጉምባ ታስቦ ነበር። ወይዘሮ እናትነሽ ዜናውን ሰሙና ወደ ፎገራ በኩል ላኩት። ትክክል ነበሩ። በሬዲዮ የተነገራቸውን አምነው ነው የሠሩት።

ከአራት ቀን በኋላ ሁለት የጉምባ ሰዎች እርጥብ ደንገል አጭደው ባሠሩት ታንኳ ሁለት ቀን ሙሉ ቀዝፈው ባሕር ዳር ገቡ። ታንኳው ውኃ ጠጥቶ ሊሰጥም ምንም አልቀረውም ነበር። ጉምባ ላይ ሃያ ሦስት ሰው ደኑ ውስጥ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ እንዳለ ተናገሩ። ጀልባ ወዲያው ተላከ። እኔም አብሬ ሄድሁ፤ ምክንያቱም ትልቅ ዜና ነበር።

ስንደርስ ሃያ ሁለት ነበሩ። የጉምባው ቄስ የመምሬ ቢያድግ ባለቤት፣ ወይዘሮ የሻረግ፣ ከመድረሳችን አንድ ቀን ቀድመው ዐርፈው ተቀብረዋል። ወጀቡ የነቀለው ቆርቆሮ ባታቸውን ቆርጧቸው ነበር። ቁስሉ አመረቀዘ፤ ትኩሳቱ በረታባቸው። በኋላ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሕመምተኛ ትረዳ የነበረች ነርስ ስለ ቁስሉ ሰምታ፣ «በጊዜው ብናገኛቸው እግራቸውን ያጡ ነበር እንጂ አይሞቱም» አለች። ለእኔ አይደለም የተናገረች። አጠገቧ ስለነበርሁ ሰማሁ፤ ማስታወሻዬም ላይ ጻፍሁት።

ምንም አልተሰማኝም። ይህን የምለው ጨካኝ ለመባልም ጠንካራ ለመባልም አይደለም፤ የሆነው ይህ ስለሆነ ነው። መቅረጸ ድምፄን አወጣሁ፣ ባትሪውን አየሁ፣ መምሬ ቢያድግን ነፋስ ከማይነካው ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር አስቀመጥኋቸው። ረጋ ብለው ነገሩኝ። ለሕፃናቱ በሶ እየበጠበጡ እንደሰጧቸው ነገሩኝ። በሦስተኛው ቀን የሞተር ድምፅ ሰምተው ልጆች ወደ ውኃው እየሮጡ እንደወረዱ፣ እንደተጣሩም፣ ዛፉ ግን እንደጋረዳቸው ነገሩኝ። ከዚያ ትንፋሽ ወሰዱና እንዲህ አሉ፦

«ሬዲዮ ነበረን። ጉምባ ላይ ሰው የለም ሲል ሰማነው። የሻረግ ተኝታ ነበር። ‹እንግዲያ እኛ የለንም ማለት ነው› ብላ ሳቀች። እኛም ሳቅን። ከዚያ ዝም አልን።»

ቀረጻውን አላቋረጥሁም። ትንሽ ቆይተው ቀና ብለው አዩኝ።

«ድምፅህን አውቀዋለሁ ልጄ።»

«ብዙ ሰው ያውቀዋል አባቴ።»

«አዎ» አሉ። «ብዙ ሰው ነው የሚሰማህ።»

ከዚህ ሌላ ምንም አላሉኝም። ስድብ ቢሰድቡኝ ዛሬ የምጽፈው ያንን ነበር።

ስለ ሬዲዮው የተናገሩትን ቆረጥሁት። ስቱዲዮ ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ ከትንፋሻቸው እስከ ዝምታቸው ያለውን አወጣሁ። ዘገባው ተወደደ። ሰዉ ከሰማው በኋላ ለጉምባ ተፈናቃዮች ብዙ እርዳታ መጣ። ይህን ለራሴ ስንት ጊዜ እንደ ማስረጃ አቀረብሁት? እርዳታው የመጣው ከሰሚው ደግነት ነው። ከእኔ የመጣው ቆርጦ ማውጣቱ ነው።

በሳምንቱ ወይዘሮ እናትነሽ ጠሩኝ። ቁጣ አልነበራቸውም፤ ማወቅ ነበር የፈለጉት። «እንዴት ሰው የለም ተባለ? ለሚቀጥለው እንድንማርበት ነው» አሉኝ። «ጀልባ ነጂው ነው ሰው የለም ያለኝ፤ ቦታውን ስለሚያውቅ አመንሁት» አልሁ። በጽሑፍ እንዳደርገው ጠየቁኝ። ጻፍሁ፤ ፈረምሁበት። ቃላቱን እንኳ መርጬ ነው የጻፍሁት፤ አያ ደምሌን «ልምድ ያለው» ብዬ አመስግኜዋለሁ። ልምድ ያለው ሰው ሲሳሳት ጥፋቱ የበለጠ የእሱ እንደሚሆን አውቅ ነበር።

ወረቀቱ የደረሰው የጀልባ ነጂዎቹ ማኅበር አያ ደምሌን ከሥራ ተራ አስወጣው። በሐይቁ ዳር «ሰው ጥሎ የመጣው» የሚል ስም ወጣለት። ሐይቅ ላይ ለሚኖር ሰው ከዚህ የከፋ ስም የለም፤ ማንም ልጁን በጀልባው አሳፍሮ አይልክም።

አንድ ቀን ወደ መሥሪያ ቤቴ መጣ። ጥበቃው ስላላስገባው ውጭ ቆሞ ጠበቀኝ።

«ጋዜጠኛው፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው። እኔ ነኝ ወይ የለም ያልሁ?»

«አያ ደምሌ፣ ነገሩ ትንሽ ይብረድ፤ አስተካክለዋለሁ።»

«እሺ» አለ። ባርኔጣውን አደረገና ሄደ። ዳግመኛ አልመጣም። እኔም አላስተካከልሁም። ጀልባውን ሸጠ። አሁን ዓባይ ማዶ የባጃጅ ጎማ ይለጥፋል፤ ጎሚስታ ሆኗል። ይህን ያህል ዓመት የእኔን ጎማ ሌላ ሰፈር ሄጄ ነው የማስነፋው።

መምሬ ቢያድግ አምና ዐረፉ። የቀብራቸውን ማስታወቂያ በሬዲዮ ያነበብሁት እኔ ነኝ። ስማቸውን አጥርቼ ነው የጠራሁት።

አሁን ለምን ተናገርሁ? ኅሊናዬ ነቅቶ ነው ብል ውሸት ይሆናል። ዘንድሮ አዲስ ጋዜጠኞችን እንዳሠለጥን ተመደብሁ። ርእሱ ወሬን ስለ ማረጋገጥ ነው። ለምሳሌ እንዲሆን የጉምባውን ዘገባ አሰሙልኝ። መምሬ ቢያድግ ይናገራሉ፤ ትንፋሽ ይወስዳሉ፤ ከዚያ የእኔ ድምፅ ይገባል። ትንፋሹን ሳልቆርጠው ቀርቼ ኖሯል። ሰው ትንፋሽ የሚወስደው ሊናገር ሲል ነው። ከሠልጣኞቹ አንድም ሰው ልብ አላለም። አጨበጨቡ። እኔ ማስታወሻዬን አጥፌ ስለ ሁለተኛ ምንጭ አስፈላጊነት ማስተማሬን ቀጠልሁ። በዚያው ሳምንት ይህን መጻፍ ጀመርሁ።

ጽፌ ስጨርስ የፈረምሁበትን እርማት ለጀልባ ነጂዎቹ ማኅበር ሰጠሁ። ደብቄ ያቆየሁትን ያልተቆረጠውን የመምሬ ቢያድግ ቅጂ ለሬዲዮ ጣቢያው አስረከብሁ። ከዚያ ይህን ጽሑፍ ይዤ ወደ ዓባይ ማዶ ሄድሁ።

አያ ደምሌ የባጃጅ ጎማ ገንዳ ውስጥ እየነከረ ቀዳዳ ይፈልግ ነበር። ሸብቷል። ሲያየኝ አልተነሣም። በርጩማውን በእግሩ ወደ እኔ ገፋ አደረገው። ተቀምጬ እስከዚያ የጻፍሁትን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብሁለት። ይቅርታ አልጠየቅሁትም፤ ብጠይቀው እሺ የሚል ሰው መሆኑን ስለማውቅ።

ስጨርስ ጎማውን ከውኃው አወጣ።

«አንድ ጊዜ አይደለም» አለኝ።

«ምኑ?»

«እንጠጋ ያልሁህ። ካዞርሁት በኋላም ብያለሁ። የልጆች ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። እንመለስ፣ ልጆች ይጣራሉ አልሁህ።»

«አላስታውሰውም አያ ደምሌ።»

«እሺ» አለ። ያኔ በር ላይ ያለኝ ዓይነት እሺ ነው። ቀዳዳውን በጠመኔ ምልክት አደረገበት። «እንግዲህ የምታስታውሰውን ጻፍ።»

ወደ ቤቴ ተመለስሁ። ከላይ «አንድ ጊዜ» ብዬ የጻፍሁትን ላጠፋው ነበር፤ ተውሁት። በኑዛዜ መካከል እንኳ የምዋሽ መሆኔን ያነበበ ሰው ይወቀው።

እርማቱ ይህ ነው። እንጠጋ ያለኝ ሁለት ጊዜ ነው። በሁለተኛው ጊዜ የልጆቹን ድምፅ እኔም ሰምቼ ነበር። «ወፍ ይሆናል፤ ንዳው» አልሁት። አስታውሰዋለሁ።