አባዬ የዋኘ ቀን

ትናንት ከሥራ ደክሞኝ ስገባ ልጄ በስልኳ የደሴት ሽርሽር አሳየችኝ፤ ሰዎች ይዋኛሉ፣ በጀልባ ይንሸራሸራሉ፣ አሸዋ ላይ ይጋደማሉ። የማዕበሉ ድምፅ ወደ ልጅነቴ፣ ኮልፌ ወደነበረው ቤታችን መለሰኝ።

በወጣትነቱ ቀይ ባሕር ላይ ባለ ደሴት ወታደር የነበረው አባቴ፣ ከጥበቃ ሥራው ተመልሶ እግሩን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ነክሮ ነበር።

«አባዬ፣ ደሴቱ ላይ ትዋኙ ነበር?» አልኩት።

«አንድ ቀን ዋኝተናል» አለ ዐይኑን ጨፍኖ። «አምስት ነበርን። ዳር የደረስኩት እኔ ብቻ ነኝ።»

ያሸነፈ መስሎኝ አጨበጨብኩ። እሱ ግን ፎጣ እንዳቀብለው ብቻ ጠየቀኝ።

«እማ፣ እኛስ መቼ ነው የምንሄደው?» አለች ልጄ።

«እንሄዳለን» አልኳት። የአራቱን ጓደኞቹን ስም እንኳ ሳልጠይቀው ነው አባቴን የቀበርኩት።