አስራ ሁለት ሰዓት የሚል ካርቶን

ከቦንጋ ወደ ማንኪራ ገጠር በሄድኩበት ቀን ጠዋት ላፕቶፑን ከነካርቶኑ በፌስታል ጠቅልዬ ያዝኩና ቻርጀሩን አልጋዬ ላይ ትቼው ወጣሁ። ረስቼው ቢሆን ኖሮ አርጅቷል ተብሎ ይታለፍልኝ ነበር። እኔ ግን ገመዱን በሥርዓት ጠቅልዬ «አንተ ዛሬ አታስፈልግም፣ እረፍ» ብዬ ነው ያስተኛሁት። ካርቶኑ ላይ ባትሪው አስራ ሁለት ሰዓት ይሠራል የሚል ተጽፏል። አስራ ሁለት ሰዓት ማለት ለእኔ ፀሐይ ከወጣችበት እስከምትገባበት ነው። የምሄድበት ቤት መብራት ባይገባም ፀሐይ አለች፤ ሂሳቡ ገጠመልኝ።

ካርቶኑን ደግሞ ለምን ያዝክ ብትሉኝ ለጉራ ነው። ሌላ ምክንያት ብፈልግለትም አላገኘሁም።

ላፕቶፑን የገዛችልኝ አዲስ አበባ የምትኖረው ልጄ ናት። ቦንጋ ፍርድ ቤት ሠላሳ ዓመት ያህል ታይፒስት ነበርኩ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጣቶቼ ሥራ ፈትተው የምግብ ጠረጴዛ ሲደበድቡ ብታይ አዘነችልኝ። ለእኔ ይሁን ለጠረጴዛው ግን ጠይቄያት አላውቅም።

ማንኪራ የጠራኝ አበልጄ ነው። ሴት ልጁን ክርስትና ያነሳኋት እኔ ነኝ፤ ከዚያ ወዲህ እሱም እኔን፣ እኔም እሱን ከ«አበልጄ» በቀር በሌላ ስም ተጠራርተን አናውቅም። ዕድሜውን ሙሉ ያረባው ንብ ነው። ቀፎ የሚሰቅልባቸው ዛፎች ጫካው ውስጥ እዚህም እዚያም ተበትነው ይገኛሉ። በእኛ አገር እያንዳንዱ የቀፎ ዛፍ ባለቤቱ ይታወቃል፤ የሰው ዛፍ ላይ ማንም አይወጣም። ወረቀት ግን የለውም። አባት ለልጁ የሚያወርሰው በቃል ነው፣ ሽማግሌዎች ተቀምጠው እየሰሙ።

የአበልጄን ዓይን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል። በማግስቱ ጅማ ሄዶ ኦፕራሲዮን ሊሆን ቀጠሮ ይዞ ነበር። እሱን ያስጨነቀው ግን ዓይኑ አልነበረም። ካሉት አስራ ዘጠኝ ዛፎች አራቱን ለሴት ልጁ፣ ለክርስትና ልጄ፣ ሊሰጥ ወስኗል። ሁለቱ ወንድሞቿ ደግሞ ዛፍ ላይ የማትወጣ ሴት ዛፍ ምን ያደርግላታል ይላሉ። እሱ ከጅማ ሳይመለስ ቢቀር እነዚያ አራት ዛፎች ለልጅቷ እንደማይደርሷት ገብቶታል። ስለዚህ በሦስት ሽማግሌዎች ፊት ተጽፎ የሁሉም ጣት እንዲያርፍበት ፈለገ። በወረቀትና በእስክሪብቶ ይበቃ ነበር። እኔ ነኝ አፌን ሞልቼ «የእጅ ጽሑፍ ድሮ ቀረ፣ በማሽን ነው የምጽፍልህ» ያልኩት።

ግማሹን በሞተር፣ ግማሹን በእግሬ ሄጄ ሦስት ሰዓት ላይ ደረስኩ። ሽማግሌዎቹ ቀድመውኛል። ሁለቱ ወንድማማቾች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ልጅቷ በሩ ጋ ቆማለች። በቀጥታ ወደ ሥራ ብገባ ምን ነበረበት? መጀመሪያ የልጄን ሠርግ ፊልም ከፈትኩላቸው። የማንኛችንም ዓይን ደህና ስላልሆነ የማሽኑን መብራት መጨረሻ ድረስ ጨመርኩት። ድምፁንም እንደዚሁ። ኬክ ሲቆረስ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ድገመው አለኝ፤ ደገምኩት።

ከሽማግሌዎቹ በዕድሜ የሚበልጡት ግን ማሽኑን ሲያዩ ቆይተው «ጸሐፊው፣ ጣታችንን የምናሳርፈው መስታወቱ ላይ ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኔ ይህን አላሰብኩበትም ነበር። እንዳሰበበት ሰው ጉሮሮዬን ጠረግኩና ማታውኑ ቦንጋ አሳትሜ ጎህ ሲቀድ በሞተር እንደማመጣው ነገርኳቸው። አጉረመረሙ።

አበልጄ ዛፎቹን መቁጠር ጀመረ። ከወንዙ ማዶ ያለው ቀረሮ ለታላቁ። መንገዱ ከሚታጠፍበት ላይ ያለው ብሳና ለታናሹ። እኔም እንደ ድሮ የጽሕፈት መኪናዬ በሁለት ጣት እቀጠቅጣለሁ። የልጅቷ ድርሻ ሲጀመር እኚያው አዛውንት በትራቸውን መሬት ላይ ጫር አደረጉና «ሴት ልጅ ቀፎ ልትሰቅል ነው?» አሉ።

አበልጄ ፊቱን ወደ ድምፁ አዞረ። «ታሰቅላለች። ማሩን ግን እርስዎም ይልሱታል» አላቸው።

ተሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

አስራ ዘጠነኛውን ዛፍ መትቼ እንደጨረስኩ ማሽኑ ድርግም አለ። መስታወቱ ውስጥ የራሴን ፊት ቁጭ ብሎ አየሁት፤ ለዓይን የሚመከር አይደለም። ሰዓቴን ባይ አምስት ተኩል ነው። ቁልፎቹን ነካካሁ፣ ጎኑን መታ መታ አደረግኩት፣ ማንም እንዳይሰማ አድርጌ ለመንኩት። የጻፍኩትን ደግሞ አላስቀመጥኩትም። በጽሕፈት መኪና የመታኸው አንዴ ተመቷል፤ «አስቀምጥ» የሚባል ነገር የለም። በዚያ ልማዴ ነው የሄድኩት።

አበልጄ ባያይም የቁልፎቹን ቀጭ ቀጭታ መቆም ሰምቷል። «ምነው ዝም አለ? ሞተ?»

«ተኛ» አልኩት።

«አስራ ሁለት ሰዓት አላልክም?»

«ካርቶኑ ነው ያለው።»

«እስቲ ካርቶኑን አምጣው።»

አንደኛው ሽማግሌ በትሩን ይዞ ለመነሳት እያኮበኮበ ነበር። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ታላቅ ወንድሟ፣ እግዜር ይይለት፣ ፊቱ ፈካ ብሏል። አበልጄ ካርቶኑን በእጁ ዳሰሰው፣ ጠርዙን ፈልጎ አገኘና ጨርሶ ዘረጋው። ውስጡ ነጭ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ነጭ ነው አልኩት።

«በውጭ ዋሽቶናል፣ በውስጥ ይካሰን» አለ። «ጻፍ።»

እስክሪብቶና የማኅተም ቀለም ከኪሴ አይጠፋም፤ ከፍርድ ቤት ይዤው የወጣሁት ጡረታዬንና ይህን ልማድ ነው። ካርቶኑን ጉልበቴ ላይ አደረግኩ። አበልጄ ከመጀመሪያው ጀመረ። በሁለተኛው ዙር ጫካው ውስጥ የሚሄድ ይመስል ነበር፤ ወንዙን ሲሻገር እግሩን ያነሳል፣ ዛፉ ጋ ሲደርስ ቀና ይላል። የልጅቷን ሦስት ዛፎች አለፈ። አራተኛው ላይ ግን ቆመ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ቃል አይወጣም። ደክሞታል። እኔ እንዳልነግረው እጄ ጻፈ እንጂ ጆሮዬ አልሰማም፤ ቅድም ስቀጠቅጥ ያሰብኩት ስለ ማሽኑ ውበት ነበር። ልጅቷ ታውቀዋለች፤ ግን እሷ ብትናገር ራሷ ለራሷ ሰጠች ሊባል ነው። አፏን በነጠላዋ ያዘች። ወንድሞቿም ያውቁታል። እነሱ ጣሪያ ጣሪያ ያያሉ።

«ከምንጩ በላይ ያለችው ዋንዛ» አሉ፣ ያ በትራቸውን የጫሩት አዛውንት። «የልጅቷ ናት። ቅድም ብለኸዋል፤ ሰምተናል።»

ወንድማማቾቹ እርስ በርስ ተያዩ። እሳቸው ራሳቸው ካሉት በኋላ ምን ይላሉ? አስራ ዘጠኙንም ጻፍኩ፣ አነበብኩ፣ ቀለሙን ከፈትኩ። የሦስቱ ሽማግሌዎች፣ የአበልጄና የልጆቹ ጣት ካርቶኑ ላይ አረፈ። በመጨረሻ እኔም ፈረምኩ።

ማታ ቦንጋ ገብቼ ልጄን በስልክ ወቀስኳት። እሷ እስክትደክም ሳቀች። ካርቶኑ ላይ ከአስራ ሁለቱ በፊት «እስከ» የሚል ቃል አለ አለችኝ። የሚለኩትም መብራቱን አደብዝዘው፣ ብዙ ነገር ሳይከፍቱ ነው፤ ሠርግ እያሳዩ አይደለም። እኔ በፍርድ ቤት ዘመኔ «እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ እስራት» የሚል ስንት ጊዜ መትቻለሁ! ስድስት ወር ተፈርዶበት እየሳቀ የወጣውንም አይቻለሁ። «እስከ» ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በላይ ማን ሊያውቅ ነበር?

አበልጄ ግን ስንሰነባበት የራሱን ፍርድ ሰጥቶኛል።

«አስራ ሁለት ሰዓት ብለህ ሁለት ተኩል ነው የሰጠኸኝ» አለ። «ዘጠኝ ሰዓት ተኩል አለብህ።»

«በምን ልክፈልህ?»

«ዓይኔን አሽገውት ስመለስ መጥተህ ታጫውተኛለህ። ያንን ነገር ሳትይዝ።»

ከጅማ በደህና ተመለሰ። ሁለት ጊዜ ሄጄ ሦስት ሦስት ሰዓት አጫወትኩት፤ ውሸቴን ጨምሬ። በሁለተኛው ቀን ማሸጊያው ተነስቶለት ስለነበር መጀመሪያ አተኩሮ ያየው እኔን ነው። «አበልጄ፣ ያን ያህል አርጅተሃል እንዴ?» አለኝ። እንግዲህ እኔም ዕድሜዬን ስጠየቅ ካርቶኔ ላይ ያለውን ነው የምናገረው።

ካርቶኑ አሁን እሱ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ዛፎቹ ወደ ቤት፣ አስራ ሁለት ሰዓቱ ወደ ጭቃው ዞሯል። ክርስትና ልጄ ከምንጩ በላይ ባለችው ዋንዛ ላይ ሁለት ቀፎ አሰቅላለች።

ከእዳዬ ሦስት ሰዓት ተኩል ይቀራል። ባለፈው ልኮብኝ ነበር፣ መቼ ነው የምትመጣው ብሎ። ጉልበቴን አሞኛል ብዬ መለስኩለት። ጉልበቴ ደህና ነው፤ አንዴ ከከፈልኩት በምን ሰበብ ይጠራኛል ብዬ ነው።