የአባቴ ጆሮና የፒክአፓችን ጌጆች

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ መኪና የነዳው በጆሮው ነው። በወጣትነቱ በኢትዮጵያ በኩል የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ በስደት ወጥተን ኬንያ ሞያሌ ከከረምን በኋላ ደግሞ አንዲት አሮጌ ፒክአፕ ገዝቶ ከከተማው ሱቆች ወደ ገጠር ዕቃ ማመላለስ ጀመረ። በዚህ ሁሉ ዘመን ዳሽቦርድ ላይ የሚታየውን ነገር ከቁም ነገር ቆጥሮት አያውቅም። "ጠቋሚ ይዋሻል፣ ድምፅ ግን አይዋሽም" ይላል። እውነቱን ነው፤ የእኛዋ ፒክአፕ የሙቀት ጠቋሚ ገና ሳንገዛት ጀምሮ "ቀዝቃዛ" የሚለው ላይ ተኝቶ የቀረ ነው። ሞተሩ እንቁላል ሊጠብስ ቢደርስ እንኳ ንቅንቅ አይልም።

ጉልበቱ ፍሪሲዮን መርገጥ ሲከለክለው መሪውን ለእኔ ሰጠኝ። መሪውን ሰጠኝ እንጂ መኪናዋን አልሰጠኝም። ዱቄት፣ ስኳርና ሽንኩርት ጭኜ ወደ ሶሎሎ ወይም ወደ ኡራን በወጣሁ ቁጥር ቀድሞኝ ጋቢና ገብቶ ይቀመጣል። እዚህ አገር መሪው በቀኝ ነው፤ እሱ ደግሞ የለመደው የግራ መሪ ነው። ስለዚህ በግራ በኩል ተሳፋሪ ሆኖ ሲቀመጥ ገላው ሹፌር የሆነ ይመስለዋል። ከብት መንገድ ሲገባ የሌለ ፍሬን ይረግጣል፤ ዳገት ሲመጣ እጁ የሌለ ማርሽ ይፈልጋል። እኔም ለምጄዋለሁ። የሞተሩን ነገር ግን ለእሱ ትቼዋለሁ። ድምፁ ሲለወጥ ከእኔ በፊት ሰምቶ "አቁሚ" የሚለኝ እሱ ነው።

አንድ ቀን ከሶሎሎ ስንመለስ፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ቆማ፣ ሞተሩ ውስጥ የሆነ ነገር ትር ትር ሲል ሰማሁ።

"አባዬ፣ ምንድን ነው የሚያንኳኳው?"

ጆሮውን ወደ ፊት ዘንበል አደረገና ጥቂት አዳመጠ። "ምንም የለም። እንደ ሰዓት ነው የምትሄደው፤ ንጂ።"

ከራሴ ጆሮ የእሱን አምኜ ነዳሁ። ብዙም ሳንርቅ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎቱ ቡልቅ ብሎ ወጣና መንገዱ ጠፋብኝ። ቆምን። ስንመለስ ከኋላ ያሳፈርናቸው ሰዎች ወርደው ግራር ሥር ተቀመጡ። ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቀን፣ ሰው ለመጠጥ ከያዘው ውሃ አዋጥቶ ራዲያተሩን ሞላንና ቀስ እያልን ቤታችን ገባን። ደግነቱ ከአንድ የተቀደደ የጎማ ቱቦ በቀር የተበላሸ አልነበረም።

አባቴ ኮፈኑ ሥር አጎንብሶ ቆይቶ፣ "ነፋሱ ነው ድምፁን የወሰደው" ብቻ አለኝ። ነፋስ አልነበረም። የግራሩ ቅጠል እንኳ አልተንቀሳቀሰም።

እኔ ነገሩን ከዚያ በፊትም ጠርጥሬ ነበር። ቴሌቪዥኑን ጎረቤት እስኪሰማው ከፍ ያደርጋል። "ሽንኩርት አልቋል እንዴ?" ብዬ ስጠይቀው "ረቡዕ መሰለኝ" ይለኛል። ግን በጆሮው የኖረን ሰው "ጆሮህ ደክሟል" ማለት ከባድ ነው። ስለዚህ በሌላ በኩል ዞርኩ። ወደ ናይሮቢ የሚመላለስ አንድ የምናውቀው ሹፌር ሦስት ጌጆች፣ ማለትም አዳዲስ ጠቋሚዎች፣ እንዲያመጣልኝ ላክሁት፤ አንዱ የሙቀት፣ አንዱ የዘይት ግፊት፣ አንዱ የባትሪ። ሲመጡልኝ ክብ ክብ፣ ጥቁር፣ ፊታቸው የሚያብረቀርቅ ነገሮች ናቸው።

"ምንድን ናቸው?" አለ አባቴ።

"ለእኔ ናቸው። እኔ የአንተን ጆሮ ከየት አመጣለሁ?"

"ለእሱማ እውነትሽን ነው" አለና ፊቱን አዞረ።

የሚገጥምልኝ ያገኘሁት ገበያው አጠገብ ሬዲዮና የሶላር መብራት የሚጠግን ሰው ነው፤ በኬንያ በኩል እንዲህ ያለውን ባለሙያ ሁሉ ፈንዲ ነው የሚሉት። ጎልማሳ፣ ቀልደኛ፣ የማይደክመው ሰው ነው። አማርኛውን የተማረው ከጭነት መኪና ሹፌሮች ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም "አንተ" ነው የሚለው።

"ጌጅ ገጥመህ ታውቃለህ?" አልኩት።

"ማማ፣ አንተ አታስብ። ሽቦ ሽቦ ነው።"

እሁድ ከሰዓት በኋላ ግቢያችን ውስጥ ሥራው ተጀመረ። አባቴ በርጩማውን ይዞ ወጣና ጀርባውን ለመኪናዋ ሰጥቶ ተቀመጠ። ነገሩ እንደማይመለከተው ለማሳየት ነው። ፈንዲው ድምፅ ካቆመ የቆየውን ሬዲዮ ነቅሎ ጣለው። ጌጆቹን በእሱ ቦታ፣ በአንዲት የቆርቆሮ ሳህን ላይ ልናስቀምጣቸው ነው። ቀጥሎ ለሙቀቱ ጌጅ የራዲያተሩን የላይኛውን ቱቦ መቁረጥ ነበረብን፤ መሐሉ ላይ ሙቀት የሚለካው ነገር እንዲገባ። ቢላው ጎማውን ሲነካ አባቴ በርጩማው ላይ እንዳለ ትከሻው ሲሸማቀቅ አየሁት።

ቀጥሎ የዘይቱ መጣ። ይህኛው ሽቦ የለውም፤ ከሞተሩ ዘይት የሚያመጣ እንደ ስፓጌቲ የቀጠነ ቧንቧ ነው ያለው። ፈንዲው ቧንቧውን ይዞ ኮፈኑ ሥር ወዲያና ወዲህ ሲል አባቴ ከኋላችን ጮኸ።

"በዚያ በኩል አታሳልፈው! ጭስ ማውጫው ያቀልጠዋል!"

ዞር ስንል ቆሟል። ጀርባውን ሰጥቶን ሳለ እንዴት እንዳየ እስካሁን አልገባኝም።

"ምዜ፣ በየት ይሂድ ታዲያ?" አለ ፈንዲው። ምዜ ማለት ሽማግሌ ነው፤ በአክብሮት።

"በመሪው ዘንግ በኩል። ቆይ፣ አምጣው።"

ከዚያ በኋላ ማን ይመልሰዋል። እጅጌውን ሰብስቦ ገባበት። ሁለቱ በአማርኛም በስዋሂሊም እየተከራከሩ፣ እኔ ፒንሳ እያቀበልኩ ከሰዓቱ አለቀ። የጌጆቹን ሳህን ይዞ ብሎኑን ያሰረው አባቴ ነው። ታዲያ ሳህኗ ወደ ግራ ዞራ፣ ፊቷን ወደ እሱ ወንበር አድርጋ ቀረች። እኔ ለማየት አንገቴን ማስገግ አለብኝ፤ እሱ ግን እንደ መስተዋት ፊት ለፊቱ ነው።

"ጠማማ ናት እኮ አባዬ።"

"ደህና ናት። አንቺ መንገዱን እይ።"

ሞተሩን አስነሳሁት። የዘይቱ ጠቋሚ ብድግ አለ። የባትሪውም ተከተለ። የሙቀቱ ግን ተኝቶ ቆየና፣ አባቴ "ይሄውልሽ! አላልኩሽም?" ማለት ሲጀምር፣ ከእንቅልፉ እንደሚነሳ ሰው ቀስ እያለ ከፍ ከፍ አለ። አባቴ አፉን ከፍቶ ቀረ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የጌጆቹን መብራት ልንሞክር ፈለግን፤ የፊት መብራቱን ብናበራም ጌጆቹ አይበሩም። በንዴት ጡሩንባውን ስነካው ሦስቱም ቦግ አሉ። ፈንዲው ከጡሩንባው ሽቦ ጋር ነው ያገናኛቸው። ሳቃችን እስኪያልቅ ድረስ ጡሩንባውን እየነፋሁ ሳበራ ጎረቤቶቻችን ሠርግ አለ ብለው ወጡ።

ከዚያ ወዲያ አባቴ አዲስ ሥራ አገኘ። መንገድ ስንጀምር ጌጆቹን እያየ እንደ ዜና አንባቢ ያሰማናል፦ "ሙቀት መካከል። ዘይት ደህና። ባትሪ ደህና።" ጭነቱ ላይ የተቀመጡት ሰዎች ካልሰሙ ደግሞ ጣራውን እየደበደቡ "እንዴት ነው ሙቀቱ?" ብለው ይጠይቃሉ።

አንድ ማለዳ ወደ ኡራን ስንሄድ መሐላችን አንዲት አሮጊት ተቀምጠው ነበር። አኮ እንላቸዋለን፤ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። በነጠላቸው የጠቀለሏትን የፍየል ግልገል ጭናቸው ላይ ይዘዋል። መንገዱ ክፉኛ ያንገጫግጨናል፤ ግልገሏ ግን ጸጥ ብላለች። አባቴ ዜናውን አነበበ፤ ሁሉ ደህና ነበር። ጥቂት ሄደን ድንገት ወደ ፊት አጎነበሰ።

"ዘይቱ ወረደ!"

"በደንብ እየው አባዬ።"

"ወረደ እልሻለሁ! አጥፊው! አቁሚ!"

ሳቆም አኮ ደግሞ በኦሮምኛ መጮህ ጀመሩ። "ይህች ባለጌ! እግሬ ላይ ሸናችብኝ! አዲሱ ጫማዬ ላይ!" ግልገሏን በአንገቷ ይዘው በመስኮት ሊወረውሯት ደረሱ፤ ምስኪኗ ሜኤ ትላለች።

አባቴ ቶሎ ብሎ አጎነበሰ፤ አኮ እግር ሥር ያለውን እርጥብ ነገር በጣቱ ነካ፣ በሁለት ጣቱ አሸው፣ አሸተተው። ከዚያም ቀና አለ።

"አኮ፣ ግልገሏን ይማሯት። ፍየል የሞተር ዘይት አትሸናም።"

አኮ ጫማቸውን አዩ፣ ግልገሏን አዩ፣ ከዚያ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። ወሬው ኋላ ሲደርስ አንድ ሰውዬ ከጭነቱ ላይ ጮኸ፦ "እንደዚያ ያለች ፍየል ከሆነች በግመል እለውጣታለሁ!"

ነገሩ ቀላል ነበር። ያችን ቀጭን ቧንቧ ከጌጁ ጋር የምትይዘው ዳዶ በመንገዱ መንገጫገጭ ላልታ ዘይቱ ሲንጠባጠብ ቆይቷል። አባቴ ጀርባው ላይ ተኝቶ ዳሽቦርዱ ሥር ገባና አጠበቃት። ዘይት ጨመርን። ሞተሩን ሳስነሳ ጠቋሚው ተመልሶ ወጣ። እሱ ግን አላመነም፤ ሞተሩ ዘይት አጥሮት ተጎድቶ እንዳይሆን ፈራ። ረጅሙን ካቻቢቴ አነሳና ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ከጆሮው ሥር አጥንቱ ላይ ደግፎ ዓይኑን ጨፈነ። ሹፌር ሳለ እንዲህ ያደርግ እንደነበር አውቃለሁ፤ ከልጅነቴ ወዲህ ግን አላየሁትም። ብዙ ቆየ። ሳቅ ሲል አየሁት።

"ይሰማኛል" አለኝ።

"ምኑ?"

"ሁሉም። ጥርት ብሎ።" ካቻቢቴውን አወረደና ሰው እንዳይሰማው ቀረበኝ። "በብረቱ በኩል ይመጣልኛል። በአየር የሚመጣው ነው አልደርስ ያለኝ።"

ካቻቢቴውን ተቀበልኩት።

"የዚያን ቀን ነፋስ አልነበረም" አለ።

"አልነበረም አባዬ።"

"ጌጆቹንም ያስመጣሻቸው ለራስሽ ብለሽ አይደለም።"

"ለሁለታችንም ነው።"

"ውሸትሽ ከድሮው ጠቋሚ አይሻልም" አለና እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገ። በዘይት የተነከረ እጅ ነው፤ ሸሚዜ ላይ ቅርጹ እንዳለ ቀረ። ሆዴ ግን ያን ቀን ቀለለኝ። ያን ያህል ጊዜ ሁለታችንም አንዱ ሌላውን እንዳይጎዳ ስንጠነቀቅ ነበርና።

በዚያው ሳምንት ሐኪም ቤት ሄድን። እኔ የእርጅና ነገር ነው፣ መድኃኒት የለውም ሊሉን ነው ብዬ ሌሊቱን ስጨነቅ ነው ያደርኩት። ሐኪሙ በመብራት ወደ ጆሮው አየ፣ ወደ ሌላውም አየ፣ ከዚያ ፈገግ አለ።

"አባባ፣ ይሄ የስንት ዓመት አቧራ ነው?"

ኩክ ነው። የበረሃው መንገድ አቧራና የጆሮው ኩክ ተጋግረው ሁለቱንም ጆሮዎቹን ደፍነዋቸዋል። በለብ ያለ ውሃ እያጠበ ሲያወጣው አባቴ እንደ ሕፃን ይስቃል፣ ይኮረኩረኛል እያለ። ከበሩ ወጥተን አንድ ሞተር ሳይክል አጠገባችን ሲያልፍ ጆሮዎቹን በእጆቹ ያዘ።

"ይሄ ከተማ ሁልጊዜ እንዲህ ይጮሃል እንዴ?"

በሚቀጥለው ጉዟችን ከከተማው ሳንወጣ የኋላዋ ባሌስትራ እንደምትንጫጫ ነገረኝ፤ እኔ ጭራሽ አልሰማሁም፤ ስናያት ማሰሪያዋ ላልቶ ነበር። ጥቂት እንደሄድን ደግሞ ገርሞት ወደ እኔ ዞረ።

"ስትነጂ ትዘፍኛለሽ?"

"ሁልጊዜ።"

"ይህን ሁሉ ጊዜ?" አለና ራሱን ነቀነቀ። "እንኳንም እግዚአብሔር ጆሮዬን ደፈነልኝ።"

የጌጆቹ ወሬ ከኡራን እስከ ዳበል ተዳርሶ ሌሎች ባለመኪኖችም ወደ ፈንዲው መምጣት ጀመሩ። ፈንዲው የሽቦውን ሥራ ይዞ፣ የቧንቧውንና የሞተሩን ነገር ምዜ ካልመጣ አልነካም አለ። ስለዚህ አባቴ አሁን ብዙውን ቀን እዚያ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ምሳ ቀርቦለት "መጣሁ" ብሎኝ ቀረ። ብጠብቅ፣ ብጠብቅ አልመጣ ሲለኝ ምግቡን ቋጥሬ ሄድኩ። አንድ ከኢትዮጵያ በኩል የተሻገረ ሹፌር መኪና ኮፈን ሥር አባቴና ፈንዲው እስከ ወገባቸው ድረስ ገብተው ይጨቃጨቃሉ። እጃችሁን ታጠቡ ብላቸው የሚሰማኝ አጣሁ። ምግቡን ከጎማው በላይ ባለው ፓራፋንጎ ላይ ዘረጋሁት፤ ሹፌሩን ጨምረን አራታችንም እዚያው ቆመን በላን።