የባለቤቴ ጣትና ድሮኑ

ደብረ ማርቆስ ላይ ፎቶ ቤት አለን። ባለቤቴ በሥራ ቀን ፊዚክስ ያስተምራል፤ ቅዳሜና እሁድ ሠርግ ይቀርጻል። ፎቶ ቤቱን የምይዘው እኔ ነኝ። ጉርድ ፎቶ አነሣለሁ፣ አጥባለሁ፣ ከረባት ላልያዘ ከረባት አውሳለሁ።

ይህ የምነግራችሁ ነገር የሆነው ሰማይ ላይ አንድ ነገር ሲጮህ ሰው ከቤቱ እየሮጠ ወጥቶ ያይ በነበረበት ጊዜ ነው። ዛሬ ድምፁን የሰማ ወደ ውስጥ ነው የሚገባው።

ባለቤቴ «ድሮን እንግዛ» ሲል ቆየና በኋላ «ራሴ እሠራዋለሁ» ማለት ጀመረ። ሞተሮቹን ከአዲስ አበባ አስመጣ፤ የቀረውን እየፈታ እየገጠመ ጨረሰው። አራት ሞተር አለው፤ በየሞተሩ ላይ ደግሞ አንድ አንድ ክንፍ። ክንፍ የምንለው እኛ ነን እንጂ ስሙ ፕሮፔለር ነው። ጠንካራ፣ ጠርዙ እንደ ቢላ የሳሳ ጥቁር ነገር ነው። ቆሞ ሲታይ የልጅ መጫወቻ ይመስላል። ሲዞር ደግሞ ጭራሽ አይታይም፤ ክፋቱም እዚህ ላይ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በጓሮው ክፍል ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ይሞክረው ጀመር። አንዱ ሞተር በተቃራኒ እየዞረ አስቸግሮታል። እኔ በፊተኛው ክፍል አንድ ደንበኛ ፏፏቴ ከተሳለበት መጋረጃ ፊት አስቀምጬ፣ ያዋስኩትን ከረባት አስተካክዬ «እንዳትንቀሳቀስ» ብዬዋለሁ። ካሜራውን ሳላነሣ በበሩ አንገቴን አስግጌ ወደ ባለቤቴ አየሁ።

«ክንፎቹን አታወልቃቸውም?» አልኩት።

«ለአንድ ደቂቃ ነው።»

«ለአንድ ደቂቃም ቢሆን።»

«ያን ሁሉ ብሎን እንደገና ማን ይፈታል!»

ያን ሁሉ ብሎን መፍታት ሻይ ከማፍላት ያነሰ ሥራ ነው። ባለቤቴ የሪሞቱን ዘንግ ትንሽ ገፋ አደረገው። ድሮኑ መነሣቱ ቀርቶ በአንድ ጎኑ ተገለበጠና እየተንከባለለ ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ ሄደ። ባለቤቴም ማንም ሰው ዕቃ ሊወድቅበት ሲል የሚያደርገውን አደረገ። ያዘው።

ድምፁ እርጥብ እንጨት ላይ ያረፈ መጋዝ ነበር። ድሮኑ መሬት ወድቆ ወለሉን እየገረፈ መሽከርከሩን ቀጠለ። ባለቤቴ እጁን ደረቱ ላይ ለጥፎ ግድግዳውን ተደግፏል። ልሮጥለት ስል፣

«አትምጪ! ሪሞቱን! የግራውን ወደ ታች!» ብሎ ጮኸብኝ።

የአስተማሪ ድምፁ ነው የወጣው። ሪሞቱን አንሥቼ የግራውን ዘንግ ወደ ታች ሳብኩት። ክንፎቹ ቆሙ።

«ባትሪውን ንቀይ!»

ነቀልኩ። እጁን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። የቀኝ እጁ ሌባ ጣት ተከፍቷል፤ ውስጡ ነጭ ነገር ይታያል።

በንጹሕ ፎጣ ጠቅልዬ አጥብቄ ያዝኩለት። ደሙ ፎጣውን አልፎ ወጣ። ደንበኛው ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ዞር ስል እዚያው ተቀምጧል። እንዳትንቀሳቀስ ብዬው ነበር፤ አልተንቀሳቀሰም። ዐይኑን ብቻ ወደ እኛ አዙሯል።

«ልነሣ?» አለኝ።

ፎቶውን ይሁን ከወንበሩ ሳልጠይቀው «ተነሣ!» አልኩት። የኛን ከረባት አውልቆ በፎጣው ላይ አሰረልንና ባጃጅ ሊያስቆም ወጣ።

ባጃጁ ውስጥ ፈርቼ ነበር። እኔ ስፈራ እቆጣለሁ። ስለ ብሎኖቹ ብዙ ተናገርኩ። እሱ ፊቱ አመድ መስሎ፣ እጁን ወደ ላይ ይዞ ተቀምጧል። ብቻ አንድ ጊዜ፣

«ሞተሩ እኮ መጨረሻ ላይ በትክክል ይዞር ነበር፤ አይተሻል?» አለኝ።

ማልቀስ የጀመርኩት እዚህ ላይ ነው።

ሆስፒታል የሚሰፋለት ሐኪም «ምን ቆረጠህ?» ብሎ ጠየቀው።

«ድሮን።»

ሐኪሙ መርፌውን እንደያዘ ቀና አለ። «የማን?»

«የራሴ።»

ወደ ስፌቱ ተመለሰ።

ቁስሉ ዳነ፤ የጣቱ ጅማት ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ጣቱ አይታጠፍም። ስለዚህ ባለቤቴ ዘወትር አንድ ነገር የሚጠቁም ይመስላል። ገበያ ውስጥ ሰዎች ወዳመለከተበት ዞረው ያያሉ። ሳይፈልግ ሚኒባስ አስቁሞ ያውቃል። የካሜራውን ቁልፍ በመሀል ጣቱ መጫን ለመደ። የሸሚዙን ቁልፍ ግን የምቆልፍለት እኔ ነበርኩ። መጀመሪያ ያፍር ነበር፤ በኋላ አገጩን ቀና አድርጎ ይጠብቀኝ ጀመር።

ድሮኑን ይጥለዋል ብዬ ነበር፤ አልጣለውም። ሰውየው ግን ተለወጠ። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ ክንፍ አይገጠምም። የሚገጠመው ሜዳ ላይ፣ ሊበር ሲል ነው። ባትሪው ሳይነቀል እጅ አይጠጋውም። እኔም አጠገቡ የምቆመው ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ፀጉሬን አስሬ ነው። ብረት ቆራጮች የሚያደርጉትን ትልቅ መነጽር ገዛ። በሙሉ ሱፍ ላይ ያን መነጽር አድርጎ ሠርግ ቤት ሲገባ ከጎኑ የምሄደው እኔ ነኝ።

በጥር ከሉማሜ ወጣ ብሎ አንድ ሠርግ ተጠራን። ጤፉ የታጨደበት ሜዳ ላይ ባለቤቴ በኖራ መስመር አሰመረ። ሙሽሮቹ ብቻቸውን መሀል ሜዳ ይቆማሉ፣ ድሮኑ ራቅ ብሎ ከጎን ይቀርጻቸዋል፣ ሌላው ሰው ከመስመሩ ወዲያ ይሆናል። ከሰው ራስ በላይ አያበርም። የሙሽራዋ አጎት፣ ዱላ የያዙ ሽማግሌ፣ ተቆጡ።

«በገዛ መሬታችን ታሰምርብናለህ?»

«ለእርስዎው ብዬ ነው አባቴ» አለና እጁን አሳያቸው።

ሽማግሌው መጀመሪያ ጣቱ ወዳመለከተበት አዩ። ባሕር ዛፍ ነው። ከዚያ ጣቱን ራሱን አዩት።

«ይህን ያደረገህ እሱ ነው?»

«አዎ።»

«እና ዛሬም ይዘኸው ትዞራለህ?»

ባለቤቴ ትልቁን መነጽር አጠለቀ። ሽማግሌው ዱላቸውን አግድም ይዘው ዘመድ አዝማዱን ወደ ኋላ ይነዱ ጀመር። ሰዉን ባለቤቴ ካሰመረው አልፈው ነዱት። ሚዜዎቹን ነዱ፤ ቄሱን በትሕትና ነዱ፤ የሙሽራዋን እናት፣ የገዛ እኅታቸውን፣ ባሕር ዛፉ ሥር አድርሰው ተመለሱ።

በረራው ደኅና ነበር። ሲያርፍ ግን ነፋስ ገፋውና በጎኑ ተደፋ። ክንፎቹ ገለባውን እየቆረጡ ይበትናሉ። ሙሽራው ደግ ሰው ነው፤ ሊያነሣው ሮጠ። ባለቤቴ «አትንካው!» ብሎ ሳይጨርስ ሽማግሌው ደርሰው ዱላቸውን በሙሽራው ደረት ላይ አጋደሙ።

«ቁም! ጣት ለቀለበቱ ያስፈልግሃል!»

ባለቤቴ ሞተሮቹን አቆመ፣ ሄዶም ባትሪውን ነቀለ። ቦርሳ ውስጥ ሊከተው ሲል ተቀበልኩት።

ቪዲዮው ተቀናብሮ ሲያልቅ የሙሽራዋ እናት ሊያዩት ፎቶ ቤት መጡ። ምስሉ ጥርት ያለ ነው። ሙሽሮቹ ሰፊ ቢጫ ሜዳ መሀል ሁለቱ ብቻ ቆመዋል። ዘመድ ሁሉ ከሩቅ፣ ዛፎቹ ሥር ተደርድሮ ያያቸዋል። አንድ ሽማግሌ ዱላ ይዘው ከሰልፉ ፊት ይመላለሳሉ።

እናትየው እስከ መጨረሻው አዩ።

«ቆንጆ ነው» አሉ። «እኔስ እዚያው ነበርኩ፣ አውቃለሁ። ሌላ ሰው ሲያየው ግን ልጆቹ የሚተላለፍ በሽታ ያለባቸው ነው የሚመስለው።»

ባለቤቴ ስለ ነፋሱና ስለ ክንፎቹ ሊያስረዳቸው ጀመረ።

«ተወው ልጄ» አሉት። «ወንድሜን ብቻ ከዚያ ላይ ቁረጥልኝ።»

እሺ አላቸው። ሽማግሌውን ግን አልቆረጣቸውም።