የእትዬ ዓለምጸሐይ ሐሙስ

ያለምዘውድ በምዕራብ ሜልቦርን በሚገኝ አንድ ካውንስል፣ ማለትም የአካባቢ አስተዳደር፣ ውስጥ ትሠራለች። ሥራዋን ለእናቷ በስልክ ስታስረዳ፣ «መንግሥት ለሰፈር አገልግሎት እሰጣለሁ ብሎ የያዘውን ገንዘብ አስለቅቃለሁ» ትላለች። እናቷም «ጠበቃ ሆነሻላ!» ብለው ይስቃሉ።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2017 የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት የሐሙስን ገንዘብ ያዘ። ሐሙስ የሐበሻ አዛውንቶች መሰባሰቢያ ነው። ሚኒባስ ከየቤታቸው ይወስዳቸዋል፤ አዳራሽ ውስጥ ምሳ ይበላሉ፤ ነርስ ደም ግፊታቸውን ትለካለች፤ ከዚያ ጉሮሯቸው እስኪደርቅ ያወራሉ። ገንዘቡ የተያዘው በካውንስሉ መዝገብ ያለው ዕድሜያቸው ከፓስፖርታቸው ጋር ስላልገጠመ ነው። ካልተስተካከለ ሐሙስ ይዘጋል።

ያለምዘውድ ነገሩ ወዲያው ገባት። አዛውንቶቹ መቼ ተወለዱ ተብለው ሲጠየቁ የሚያውቁትን ዓመት፣ ያገራቸውን ዓመት ተናገሩ። ፈረንጁ መዝጋቢም የፈረንጅ ዓመት መስሎት እንዳለ ጻፈው። ሁሉም ባንድ ቀን ሰባት ስምንት ዓመት አረጁ።

ማስተካከሉ ከባድ አልነበረም። ሲስተካከልም ሁሉም ከስልሳ አምስት በላይ ናቸው፤ ከእትዬ ዓለምጸሐይ በቀር።

እትዬ ዓለምጸሐይ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ልጃቸው ያመጣቸው ሴት ናቸው። ልጁ የሌሊት ሺፍት ስለሚሠራ ቀን ይተኛል። ሚስቱ ቀን ሥራ ላይ ናት። የልጅ ልጆቻቸው በእንግሊዝኛ መልሰውላቸው ወደ ክፍላቸው ይገባሉ። እትዬ እዚያ ቤት ውስጥ የሚኖሩት በሹክሹክታ ነው። ሐሙስ አዳራሽ ሲገቡ ግን እግራቸውን ከሚያማቸው ከአቶ አምደሚካኤል ጎን ይቀመጣሉ፤ ሳቃቸው መኪና ማቆሚያው ድረስ ይሰማል።

ያለምዘውድ ልትነግራቸው ስትሄድ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ወደ ጋራዡ ወሰዷት።

«እሺ፣ ስንት ዓመቴ ሆነልሽ?»

«ስልሳ ሁለት፣ እትዬ።»

«እሰይ! ኮረዳ አደረግሽኝ። እንግዲህ ባል ፈልጊልኝ።»

ያለምዘውድ መሳቅ አቃታት። «አገልግሎቱ ከስልሳ አምስት ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ነው።»

እትዬ የልጅ ልጃቸው ብስክሌት ላይ እጃቸውን አሳረፉ። «ታዲያ እንደነበረው ተይው። ሌላዋ ሴት ቀንሱልኝ ትላለች፤ እኔ ጨምሪልኝ ነው ያልኩሽ።»

«ፓስፖርትዎን አይተውታል። ካላስተካከልኩት ለሁሉም ይዘጋል።»

«አምደሚካኤልም አይሄድም? በዚያ እግሩ?»

«ማንም አይሄድም።»

እትዬ እጃቸውን ከብስክሌቱ ላይ አነሱ። ኋላ «እንግዲያው አስተካክይው» አሉ፤ ድምፃቸው ከጋራዡ በር አላለፈም።

ያለምዘውድ አለቃዋን ለመነች፤ አለቃዋ አዝና ደንቡን አሳየቻት። በሌላ ድርጅት ቦታ ጠየቀች፤ ተራ ይጠብቁ አሏት። በቤተ ክርስቲያኗ የጸሎት ቡድን ሐሙስ ሐሙስ እትዬን ከቤት የሚያወጣ ሰው ጠየቀች። ሁሉም «እንጸልይላቸዋለን» አሉ። መኪና ያለው ሁሉ ግን ሐሙስ ቀን ሥራ ላይ ነው። እሷም እንዲሁ። ሌሊት እንቅልፍ ሲነሳት «ምነው የዓመቱን ልዩነት ባላወቅሁት» ትላለች። ያ ልዩነት ባይታወቅ ግን ሐሙስ የማንም አይሆንም ነበር።

ገንዘቡ ተለቀቀ። አለቃዋ ኬክ ገዝታ መጣች፤ ባልደረቦቿ አጨበጨቡላት። ኬኩን በሳህን ይዛ ሳትቀምሰው ስልኳ ጠራ። ሐሙስ ጠዋት ነበር።

«ሚኒባሱ አለፈ» አሉ እትዬ።

«እትዬ፣ ነግሬዎት ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ። ግን ለባብሼ ወጣሁ። አምደሚካኤል በመስኮት እጁን አነሳልኝ። ሾፌሩም ሊቆም ብሎ ተወው።» ከዚያ ሌላም ነገር አሉ፤ አልተሰማትም።

ያለምዘውድ ሳህኑን አስቀምጣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ተጫነችው። «እትዬ፣ ጮክ ይበሉልኝ፤ አይሰማኝም።»

«አልችልም፣ ልጄ» አሉ። «ልጁ ተኝቷል።»